ስለ ቴምብር ጀርባና ስለ ቅን ዓይን

ሰው የሚያየው በዓይኑ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ገና ብዙ መማር ይቀረዋል። ዓይን መስኮት ነው፤ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ወደ ውጭ የሚመለከተው ግን ልብ ነው። ልብ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። የተራበ መንገደኛ ከሩቅ የሚወጣውን ጢስ ሁሉ የእንጀራ ምጣድ ጢስ ያደርገዋል። ልጇን የምትጠብቅ እናትም በዳገቱ ብቅ ያለውን ሁሉ ልጄ ነው ትላለች። ይህ ነውር አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ምኞት ዓይንን ሲመራ ዝም ብለን የተውነው እንደ ሆነ፥ መጀመሪያ ራስን ወደ ማታለል፥ ቀጥሎም ሌላውን ወደ ማታለል ያደርሰናል።

ወጣት አንባቢዎቼ፥ ይህን ነገር በነገሥታት ታሪክ ወይም በጦር ሜዳ ምሳሌ ላስረዳችሁ እችል ነበር። እኔ የመረጥሁት ምሳሌ ግን ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ይኸውም አሮጌ የፖስታ ቴምብር ነው። ትንሽ ነገር ትልቁን ለማስረዳት ይመቻል፤ ትንሹን በእጃችን ይዘን ልናገላብጠው እንችላለንና።

እኔ በላስታ ተራሮች መካከል፥ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ አካባቢ የምኖር፥ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ገዳሙን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በታላቅ ዋሻ ሥር የቆመ ነው፤ ከዋሻውም ጣሪያ ውኃ በጠብታ እየወረደ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ውስጥ ይጠራቀማል። በወጣትነቴ በውጭ አገር ካሉ የጽሕፈት ጓደኞች ጋራ እጻጻፍ ነበር። በደብዳቤዎቹ ላይ የሚመጡትን ቴምብሮች በውኃ እየነከርሁ፥ እያላቀቅሁና እያደረቅሁ በደብተር ውስጥ ማኖር የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወረንጦ፥ አጉሊ መነጽር፥ ማስመሪያና ትዕግሥት ነው። ከአራቱም በገበያ የማይገኘው የመጨረሻው ነው።

አሁን በቴምብር ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ዝነኛ ስለ ሆነ አንድ ምልክት ልንገራችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1860ዎቹ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሹማምንት አንድ ሥጋት ነበረባቸው። ሰዎች በደብዳቤ ላይ የተለጠፈውን ቴምብር ልጠው፥ የተመታበትንም ማኅተም አጥበው፥ እንደ አዲስ ሁለተኛ ይለጥፉታል ብለው ፈሩ። ለዚህም መከላከያ ይሆን ዘንድ ቻርልስ ስቲል የሚባል ሰው አንድ ብልሃት ፈጥሮ በ1867 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ብልሃቱም እንዲህ ነው። ጥቃቅን ነጥቦች በረድፍ በረድፍ የተቀረጹበት ብረት በቴምብሩ ወረቀት ላይ ይጫናል። የወረቀቱም ጅማት በየነጥቡ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ሲመታበት ቀለሙ በተሰበረው ጅማት ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ አጥቦ ማስለቀቅ አይቻልም። ይህንን በወንፊት ላይ ተጭኖ የተነሣ የሚመስል ምልክት ሰብሳቢዎች ግሪል ይሉታል።

ግሪሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። መጀመሪያ መላውን ቴምብር ይሸፍን ነበር፤ ወረቀቱን እያደከመ ቢያስቸግር ግን መጠኑን አሳነሱት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈጽሞ ተዉት። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዊልያም ስቲቨንሰን የሚባል ሰብሳቢ እያንዳንዱን ዓይነት ለክቶ በላቲን ፊደል ስም ሰጠው። ከእነዚህ መካከል ኤፍ የተባለው ወደ 9 ሚሊሜትር ስፋትና 13 ሚሊሜትር ቁመት አለው፤ እርሱ በብዛት የሚገኘው ነው። ኢ የተባለው 11 በ13 ነው። ዜድ የተባለው ደግሞ 11 በ14 ነው።

እንግዲህ በኢና በዜድ መካከል ያለው የቁመት ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ነገር ግን የቤንጃሚን ፍራንክሊን መልክ ያለበት፥ ሰማያዊው የ1 ሳንቲም ቴምብር ዜድ ግሪል ያለበት ሆኖ የታወቀው በዓለም ሁሉ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት በሆነ ስብስብ ውስጥ ስለሚገኝ ለገበያ አይወጣም። ሁለተኛው በ1998 በሐራጅ 935,000 ዶላር አወጣ። በ2005 ባለቤቶቹ ገንዘብ ሳይቀበሉበት፥ አውሮፕላኑ ተገልብጦ በታተመባቸው በአራት ዝነኛ ቴምብሮች ለወጡት። በ2024 ደግሞ እንደገና ለሐራጅ ወጥቶ ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚህ የተነሣ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች የአያቶቻቸውን ደብተር ከሣጥን እያወጡ ሰማያዊ ፍራንክሊን ይፈልጋሉ፤ ምኞትም በዓይናቸው መስኮት አጠገብ ይቆማል።

ታዲያ እውነተኛው እንዴት ይታወቃል? በመጀመሪያ ቴምብሩን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ያስፈልጋል፤ ግሪል ከፊት ይልቅ ከጀርባ ይገለጣልና። ብርሃኑም ከላይ ሳይሆን ከጎን መምጣት አለበት። እኛ በደጋው የምንኖር ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ነን፤ የማለዳ ፀሐይ ከተራራው ጫፍ አግድም ስትመጣ እንኳን የወረቀት ጉድጓድ፥ በሜዳው ላይ ያለ የበግ ዱካ ሳይቀር ጥላ ይጥላል። ሁለተኛ፥ የግሪሉን ስፋትና ቁመት በሚሊሜትር መለካት ነው። ሦስተኛ፥ ነጥቦቹን በረድፍ መቁጠር ነው። በኤፍ ወርዱን 11 ወይም 12፥ ቁመቱን ከ15 እስከ 17 ነጥብ ይገኛል። በዜድ ወርዱን 13 ወይም 14፥ ቁመቱን 17 ወይም 18 ነው። አራተኛ፥ የእያንዳንዱን ነጥብ ጫፍ በአጉሊ መነጽር መመርመር ነው። በሌሎቹ ላይ በነጥቡ ጫፍ ያለችው ትንሽ ሸንተረር ቁልቁል የቆመች ስትሆን፥ በዜድ ግን አግድም የተጋደመች ናት። አምስተኛ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ የራስን ዓይን ሳያምኑ ለአዋቂዎች ጉባኤ ማሳየት ነው። በኒው ዮርክ ያለው ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ከ1945 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ምርመራ እያደረገ የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ግሪል ቀለም አይደለም፤ ሥዕልም አይደለም፤ የመጫን ምልክት ነው። ስለዚህ አታላዮች ግሪል የሌለውን ርካሽ ቴምብር ወስደው፥ በብረት ተጭነው ውድ ያስመስሉታል። አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። አታላይ ቴምብር አጥቦ ሁለተኛ እንዳይጠቀም ተብሎ የተፈጠረው ምልክት፥ ራሱ የሌላ አታላይ መሣሪያ ሆነ። ብረትና ማኅተም ሐቀኝነትን ሊያግዙ ይችላሉ እንጂ ሊተኩት እንደማይችሉ ከዚህ እንማራለን።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው እንዳትሉኝ ወደ ቤታችን ልመለስ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የአገራችንን ፖስታ በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን በፓሪስ የታተሙ ሰባት ዓይነት ናቸው። የሩብ፥ የግማሽ፥ የ1ና የ2 ግርሽ ቴምብሮች የንጉሠ ነገሥቱ መልክ አለባቸው፤ የ4፥ የ8ና የ16 ግርሽ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ። ቅርጹን ያወጣው ሙሾን የተባለው የታወቀ ፈረንሳዊ ቀራጭ ነበር። በኋላ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በእጅ ማኅተም ተጨማሪ ቃል ይመታባቸው ጀመር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በፈረንሳይኛ፥ በ1902 «ቦስታ» የሚለው ቃል፥ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚለው ቃል በራሳችን ፊደል። ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፥ እነዚህ ትንንሽ ወረቀቶች መንገዱን ጠርገው ቆይተው ነበር።

እነዚያ በእጅ የተመቱ ቃላት ለኛ ቴምብር እንደ ግሪል ናቸው። ቴምብሩ ያው ሆኖ ሳለ ቃሉ ካለበት ዋጋው ከፍ ይላል። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ምልክት ደግሞ ለመኮረጅ ቀላል ነው፤ አንድ የተቀረጸ ማኅተምና ጥቂት የወይን ጠጅ ቀለም ይበቃል። ስለዚህ የምኒልክ ቴምብር ከሐሰት ማኅተም ጋራ በየአገሩ ሰብሳቢዎች እጅ በብዛት ይገኛል።

አሁን እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፥ ከዚያም በኋላ ጦርነቱ እንግዳን ከላሊበላ ባራቀባቸው ዓመታት፥ በእንግዳ እጅ ይኖር የነበረው የከተማው ሕዝብ እንዴት እንደ ተቸገረ እዚህ አልዘረዝርም። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት አስጎብኚ ሆኖ እናቱንና እኅቱን ያኖር ነበር፤ እንግዳው ሲቀር ሥራውም ቀረ። ጦርነቱም አልፎ እንግዳው ገና እንደ ወትሮው ሳይመለስ፥ አንድ ቀን በማለዳ አንድ አሮጌ ደብተር በነጠላ ጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ። ደብተሩ የእናቱ አባት ነበር። አያቱ በደሴ በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ኖረው ያረጁ፥ አሮጌ ቴምብርም ከነጋዴ እየገዙ የሚያጠራቅሙ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ፥ «ዜድ አግኝቻለሁ።»

በስልኩ ላይ ስለ ሐራጁ አንብቦ ነበር። ከደብተሩም ውስጥ ሰማያዊ የ1 ሳንቲም ፍራንክሊን አለ፤ በጀርባውም በእርግጥ የነጥብ ምልክት ይታያል። ከዚህም ሌላ የሁለት ግርሽ የምኒልክ ቴምብር «ቦስታ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተቀምጧል። ወጣቱ ሁለቱንም በፎቶግራፍ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለ አንድ ነጋዴ አሳይቶ ነበር። ነጋዴውም ስለ ፍራንክሊኑ ምንም ሳይል፥ ስለ ቦስታው ግን፥ «አንድ የታወቀ ሰብሳቢ እውነተኛ ነው ብሎ ፈርሞ ከሰጠህ በጥሩ ዋጋ እወስደዋለሁ፤ ውጭ አገር የሚፈልገው ሰው አለኝ» አለው። እኅቱ በጤና ኮሌጅ ለመማር ተቀባይነት አግኝታ ነበር፤ የክፍያው ቀን ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ከእኔ የፈለገው ምርመራ ሳይሆን ፊርማ ነበር።

«ልጄ፥ መጀመሪያ እንያቸው» አልሁት።

ወደ ደጅ ወጥተን በግንቡ ላይ ተቀመጥን፤ ፀሐይዋም ገና ከተራራው ጫፍ አልራቀችም። ፍራንክሊኑን ገልብጬ በወረንጦ ያዝሁትና ማስመሪያውን ለእርሱ ሰጠሁት። ለካ፤ ስፋቱ 9፥ ቁመቱ 13 ሚሊሜትር ሆነ። እንደገና ለካ፤ ያው ሆነ። ነጥቦቹን ቈጠረ፤ ወርዱን 12፥ ቁመቱን 16 አገኘ። በአጉሊ መነጽሩ ሲያይ የየነጥቡ ሸንተረር ቁልቁል የቆመ ነበር። ሦስቱም ምስክሮች በአንድ ቃል ኤፍ ነው አሉ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ነገር ግን ማስመሪያው በእርሱ እጅ ስለ ነበር የሚከራከረው ሰው አላገኘም። እኔ ነግሬው ቢሆን ኖሮ ስለ ዓይኔ እርጅና ይጠራጠር ነበር።

ቀጥለን የምኒልክን ቴምብር አየን። በላዩ «ቦስታ» ከሚለው ማኅተም ሌላ የሐረር ፖስታ ቤት ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። ክቡ ላይ ያለው ቀን በጉልህ ይነበባል፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 1899 ነው። እኔ ምንም አልተናገርሁም። መነጽሩን ሰጠሁትና፥ «ቦስታ የሚለው ቃል በቴምብር ላይ መመታት የጀመረው በ1902 ነው» ብቻ አልሁት። ጥቂት ቆይቶ ክቡን ማኅተም አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። በ1899 በሐረር ተመትቶ አገልግሎቱን የፈጸመ ቴምብር፥ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚወጣውን ቃል እንዴት አስቀድሞ ሊሸከም ይችላል? ይህን ለመረዳት የቴምብር ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ መቀነስ መቻል ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ዝም አለ። ዝምታው ከቆየ በኋላ የተናገረውን ቃል እንዳለ እነግራችኋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በአንድ ወይም በሌላ ምክንያት አንድ ቀን ይህንኑ ትናገራላችሁና።

«ጋሼ፥ የሚገዛው ባለጸጋ ነው። ስንት ቤት ስንት ንብረት ያለው ሰው አንዲት ወረቀት ሐሰት ብትሆንበት ምን ይጎድልበታል? እኅቴ ግን ዓመቷ ያልፍባታል። እርስዎም የሚጽፉት አንድ መስመር ነው።»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ቀላል እንደ ሆነ አድርጌም አላቃልለውም። በአንድ ወገን የማላውቀው ሰው ገንዘብ አለ፤ በሌላ ወገን የማውቃት ልጅ ዕድል አለ። ልቤ ወደ ልጅቱ አደላ፤ አሁንም ያደላል። ነገር ግን የጠየቀኝ ገንዘብ እንድሰጠው አልነበረም፤ የጠየቀኝ ዓይኔን እንዳከራየው ነው። ዓይኑን አንድ ጊዜ ያከራየ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ቢያይ ማን ያምነዋል? ነገ ሌላ ችግረኛ እውነተኛ ቴምብር ይዞ ቢመጣና እኔ እውነተኛ ነው ብዬ ብፈርምለት፥ ፊርማዬ አይጠቅመውም። የሐሰት ምስክር የሚጎዳው የተታለለውን ባለጸጋ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ድኻም ጭምር ነው። እንዲህ ብዬ መለስሁለት፤ ፊርማውንም አልሰጠሁም።

ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ እናቱ ራሳቸው መጡ፤ የመጡት ሊወቅሱኝ መስሎኝ ነበር። ቡና ቀርቦላቸው ጥቂት ከተጫወትን በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፥ አባቴ የመንግሥት ማኅተም በእጃቸው ይዘው ያረጁ ሰው ናቸው። ከደብተራቸው የሐሰት ማኅተም ወጥቶ በስማቸው ቢሸጥ ደስ አይለኝም። ልጄም ይገባዋል፤ ጊዜ ይስጡት።»

ፍራንክሊኑ ኤፍ መሆኑ ሳይደበቅ ተሸጠ፤ ያወጣው ገንዘብ ለቤቱ ጥቂት ወር ረዳው እንጂ የኮሌጁን ክፍያ አልሞላም። ልጅቱም በዚያ ዓመት አልገባችም፤ የገባችው በሚቀጥለው ዓመት፥ እናትየው ጊደር ሸጠው ነው። ወጣቱም ለብዙ ወራት ደጄን አልረገጠም። ይህን የምነግራችሁ እውነት ዋጋ እንደማያስከፍል አድርገው የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስላሉ ነው። እውነት ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚከፍለው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው። ሆኖም ልጅቱ ስትገባ በጊደሯ ገንዘብ ገባች፤ ከማንም ፊት የምታፍርበት ነገር ሳይኖር።

አሁን ከዚህ ነገር ሁሉ እጅግ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። ያ የሁለት ግርሽ የምኒልክ ቴምብር «ቦስታ» የሚለው ሐሰተኛ ማኅተም ባይመታበት ኖሮ ምን ነበር? እውነተኛ የመጀመሪያ ዘመን ቴምብር፥ የሐረር ማኅተም ከነቀኑ በጉልህ የሚነበብበት፥ በራሱ የሚፈለግና የሚከበር ነበር። አንድ ስሙ የማይታወቅ አታላይ የበለጠ ውድ አደርገዋለሁ ብሎ፥ የነበረውን ዋጋ አጠፋበት። ያልሆነውን ሊያስመስለው ሲል የሆነውን ገደለው። አሁን ያ ቴምብር እውነተኛም ሐሰተኛም ሆኖ በመካከል ቀርቷል፤ አይሸጥ፥ አይጣል።

እኔ ግን ከቴምብር ይልቅ ብዙ ወጣቶችን እንዲህ ሆነው አይቻለሁ። ጥሩ ገበሬ ሊሆን የሚችለው ያልተማረውን ትምህርት ተምሬአለሁ የሚል የሐሰት ወረቀት ገዝቶ በማይችለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም እርሻውንም ወንበሩንም ያጣል። መልካም ድምፅ ያላት ልጅ የሌላዋን ድምፅ ስትኮርጅ የራሷን ትረሳለች። በእኛም አገር ትናንት የተሠራውን መስቀል በጢስ አጥኖ የጥንት ነው እያለ የሚሸጥ ሰው አለ። መስቀሉን የሠራው አንጥረኛ ግን ጎበዝ ነው፤ «እኔ ትናንት ሠራሁት» ብሎ ቢሸጠው ስሙ ይታወቅለት ነበር። የጢሱ ሽፋን የሸፈነው መስቀሉን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ክብር ነው። ስለዚህ በራሳችሁ ላይ ምንም የሐሰት ማኅተም አትምቱ። ርካሽ ቢመስላችሁም፥ የተመታባችሁ የገዛ አገራችሁ ማኅተምና የገዛ ዘመናችሁ ቀን ይበቃችኋል።

እንግዲህ ቴምብርን የሚመረምር ሰው የሚጠብቃቸውን ሦስት ሥርዓቶች ለኑሯችሁ እንዲጠቅሟችሁ ላስቀምጥላችሁ።

የመጀመሪያው፥ አንድን ነገር እጅግ ስትመኙት፥ «እውነት መሆኑን የሚያሳየኝ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለዚህ ጥያቄ ምኞት ሁልጊዜ መልስ አያጣም። ይልቁንም «እውነት ባይሆን ምን አይ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዜድን የሚፈልግ ሰው ነጥቦች አያለሁን? ቢል፥ ያያል፤ ነጥብ በኢም በኤፍም አለና። 13 ሚሊሜትር ቢሆን ዜድ አይደለም ብሎ የተነሣ ግን ማስመሪያው ይፈርድለታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኔ የምጨምረው፥ ከሌላው በፊት የገዛ ልብን መጠርጠር ይገባል የሚለውን ነው።

ሁለተኛው፥ ብርሃን ከጎን ይምጣ። ከላይ የሚወርድ ብርሃን ሁሉን ነገር ለስላሳ ያስመስላል፤ ምስጋናና ሽንገላም እንዲሁ ናቸው። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የእውነተኛ ወዳጅ ጥያቄ ነው፤ ጉድጓዱንና እብጠቱን ያሳያል። ሰውንም ነገርንም ስትመረምሩ ፊቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ጀርባውንም ገልብጡ። ይህንኑ ሌሎች በእናንተ ላይ ሲያደርጉት አትቈጡ።

ሦስተኛው፥ ማስመሪያውን ለባለ ጉዳዩ ስጡት። ሰው ራሱ ለክቶ ያገኘውን እውነት ቢያዝንበትም ያምነዋል፤ ሌላ ሰው በራሱ ላይ የጫነበትን እውነት ግን ደስ ቢለውም ይጠራጠረዋል። ወንድሞቻችሁንና እኅቶቻችሁን ስትመክሩ ይህን አትርሱ፤ አሳዩአቸው እንጂ አትጩኹባቸው።

በከተማ ያላችሁ በአዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ወዳለው የፖስታ ሙዚየም ሄዳችሁ የአገራችንን ቴምብሮች ተመልከቱ። በገጠር ያላችሁም የአያቶቻችሁን ሣጥን ስትከፍቱ የምታገኙትን ደብዳቤ ከነቴምብሩ ጠብቁት፤ ልጣችሁም አትለያዩት፤ ወረቀቱና ማኅተሙ አብረው ሲሆኑ ነው ምስክርነታቸው የሚጸናው። ከውስጡ ሚሊዮን ዶላር አይወጣ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ደብዳቤ ከየት ተነሥቶ፥ በስንት ቀን፥ በማን እጅ እንደ ደረሰ የሚናገር እውነተኛ ነገር ታገኛላችሁ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ይህ ተረት እውነትን ለሚጠብቅ ሰው መጽናኛ፥ ሐሰትን ለደበቀ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። የተመታባችሁ ቀን በግልጽ የሚነበብ፥ ከጎን ብርሃን ቢመጣባችሁ የማትሸማቀቁ፥ ጀርባችሁ ቢገለበጥ እንደ ፊታችሁ የሆናችሁ ሰዎች ለመሆን ትጉ። ብርቅ ባትሆኑ ግድ የለም፤ ሐቀኛ ሁኑ።